ማሽኑ ላይ እንዳትተኚ

የማያምነኝ ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። እኔም ሌላ ሰው ቢነግረኝ አላምንም ነበር።

ግን ሆኗል። በእናቴ ላይ ነው የሆነው። ብዙውን እሷ ቆይታ ነው የነገረችኝ፤ መጨረሻው ላይ ግን እኔም ነበርኩ።

ቦታው የካ ክፍለ ከተማ፣ ጉርድ ሾላ አካባቢ ያለ የኩላሊት እጥበት ማዕከል ነው። ስሙን አልጠራም፤ ሰዎቹ ምንም አላጠፉም። ጊዜው ዓምና፣ ሰኔ ሊገባ ሲል። ሰዓቱ ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል...

ከቀኑ።

ፀሐይ በመስኮት ገብታ፣ ቴሌቪዥን ተከፍቶ፣ ነርሶች ወዲያ ወዲህ እያሉ።

እናቴ ሮማነወርቅ ትባላለች። ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ከፍ ብሎ፣ ወደ እንጦጦ የሚያወጣው ዳገት ላይ ባለው የአባቷ ቤት ተወልዳ እዚያው የኖረች ሴት ናት። ለካህናት ካባ ትሰፋ ነበር። በበዓል ቀን እንጦጦ ማርያም ብትሄዱ ዛሬም የእሷን ጥልፍ የለበሰ ቄስ አታጡም።

ኩላሊቷ ከቆመ ሁለት ዓመቱ ነው። ለማሽኑ እንዲመች ግራ እጇ ላይ ሁለት የደም ሥሮቿን በቀዶ ጥገና አገናኙላት። በዚያ እጅ ከባድ ነገር እንዳታነሺ ተባለች። መርፌና ክሩን ያኔ አስቀመጠች።

ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ። ከሰባት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ደሟ በቱቦ ወጥቶ፣ ማሽኑ ውስጥ ታጥቦ ይመለስላታል።

እሱን እንኳ ለመደችው።

ያልለመደችው እንቅልፍ ማጣቱን ነው።

ትጋደማለች... ዓይኗ አይከደንም። እግሯን ያቁነጠንጣታል፣ ቆዳዋን ያሳክካታል። ትነሳለች፣ ትቀመጣለች፣ መልሳ ትጋደማለች። ዶሮ ሲጮህ ትሰማለች። የቅዳሴው ደወል ሲደወል ትሰማለች። እንዲህ ሆና ሰባት ወር!

አባቴ ከሞተ ቆይቷል፤ ቤት ውስጥ ያለነው ሁለታችን ነን። እሷ ስትነሳ እነሳለሁ። ጠዋት ቢሮ ገብቼ ኮምፒውተሩ ላይ አንገቴ ይወድቃል።

በመጨረሻ ለሐኪሟ ነገረችው። ዶክተር ፍሮምሳ ወጣት ነው፤ ሰው ሲያነጋግር አይቸኩልም።

«ጭንቀት ብቻ እንዳይመስልዎት እትዬ ሮማነወርቅ» አላት። «አንጎላችን ውስጥ የሩዝ ፍሬ የምታክል ዕጢ አለች። ሲጨልም ሜላቶኒን የሚባል ንጥረ ነገር ወደ ደም ትለቃለች። መሽቷል፣ ተኛ ብላ ለሰውነት የምትናገር እሷ ናት። እጥበት ላይ ያሉ ብዙ ታማሚዎች ታዲያ ይሄ ንጥረ ነገር ሌሊት ከፍ አይልላቸውም።»

እማዬ ትንሽ አሰበች።

«እና ለእኔ አይመሽም ማለት ነው?»

 ዶክተሩ ቀስ ብሎ «እንደዚያ ይበሉት» አላት።

የሚዋጥ እንክብል አዘዘላት። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ይሙቁ፣ ከሰዓት በኋላ ቡና ይቅርብዎ አላት። እየወጣች ሳለ ደግሞ ጠራት።

«ከሁሉ በላይ ግን... ማሽኑ ላይ አይተኙ። የቀን እንቅልፍ የሌሊቱን ይበላዋል።»

ለጤናዋ ብሎ ነው። ሌላ የሚያውቀው ነገር አልነበረም።

ማሽን ክፍሉ ውስጥ ስድስት ወንበር አለ። ከእማዬ ቀጥሎ ያለው የጋሽ ኃይሉ ነበር። ጋሽ ኃይሉ ጡረታ የወጡ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ስልሳ ስምንት ዓመታቸው፣ ረጅም፣ ጨዋታ አዋቂ፤ በበጋም ሰማያዊ ካፖርታቸውን አያወልቁም።

ከስድስቱ ታማሚዎች አምስቱ ዓይናቸው ደም መስሎ ጣሪያ ሲያዩ፣ ጋሽ ኃይሉ ይተኛሉ። ዘጠኝ ተኩል ሲል ዓይናቸው ይከደናል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነርሷ ናት የምትቀሰቅሳቸው።

እማዬ ቀናችባቸው። አንድ ቀን አላስቻላትም።

«ጋሽ ኃይሉ፣ እንዴት ቻሉበት?»

«ምኑን?»

«እንቅልፉን።»

ዞር ዞር ብለው አዩ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አንዲት ሴትዮ አለች።»

«የት?»

«እዚያ... ስተኛ። እናንተ ሰፈር ይመስለኛል፣ የእንጦጦ መውጫው። በሁለት በኩል ባሕር ዛፍ ነው። ጨልሟል። እንጨት ተሸክማ ከፊቴ ትሄዳለች።»

«ፊቷን አይተውታል?»

«ጎንብሳለች። ሸክሟ ሰፊ ነው፤ መንገዱን ይዘጋዋል። ትቆምና... ደከመኝ፣ እስቲ ይቺን ያዙልኝ ትለኛለች። አንድ እንጨት እቀበላታለሁ። ከዚያ በቃ እንቅልፍ ነው ሮማን። የልጅነት እንቅልፍ!»

«ሁልጊዜ?»

«በመጣሁ ቁጥር። አንዳንድ እንጨት እያለች... አሁንማ እኮ ሁሉንም አሸከመችኝ።»

ሳቁ። እማዬም ሳቀች። የደከመ ሰው ሕልም ነው አለች።

የእጥበት ታማሚ ሲገባም ሲወጣም ይመዘናል። ኩላሊቱ ስለማይሠራ የጠጣው ውኃ ሰውነቱ ውስጥ ይቀራል፤ ማሽኑ ያንን ውኃ ያወጣዋል። ሁለት ኪሎም ሦስት ኪሎም ቀንሶ ነው የሚወጣው። ውኃው ካልወጣ ወደ ሳንባ ይሄዳል። ያ ደግሞ ሞት ነው።

በዚያው ቀን፣ ዓርብ፣ ጋሽ ኃይሉ ከእንቅልፋቸው ተነስተው ሚዛኑ ላይ ወጡ።

ነርሷ ሲስተር ሁሪያ ቁጥሩን ደግማ አየችው።

«ምነው?»

«ማሽኑ ሁለት ኪሎ ተኩል አውጥቷል ጋሼ። እዚህ ላይ ግን... ሲገቡ ከነበረው ጨምረዋል።»

«ሚዛንሽ ተበላሽቷል።»

ሁሪያ ራሷ ወጣችበት። ሃምሳ አራት። ልክ ነው።

«ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ውኃ ጠጥተዋል?»

«አራት ሰዓት ሙሉ በሁለት መርፌ ታስሬ? በየት በኩል?»

ሰኞ መጡ። ጎብጠው ነበር። በግድግዳው ተደግፈው ነው ወንበራቸው የደረሱት።

ረቡዕ ወንበራቸው ባዶ ነበር።

እማዬ ኮተቤ ድረስ ሄዳ ለቅሶ ደረሰች። የጋሽ ኃይሉ ባለቤት ወይዘሮ ለተሥላሴ የባላቸው የእጥበት ወንበር ጎረቤት መሆኗን ሲሰሙ አጠገባቸው አስቀመጧት። ሰው ቀለል ሲል ጆሮዋ ላይ አንሾካሾኩ።

«ውኃ ገደለው አሉኝ። በሲኒ እየለካሁ የምሰጠው እኔ ነኝ እኮ።»

«አውቃለሁ እናቴ።»

«ሲገንዙት የነገሩኝን ልንገርሽ?... ትከሻው ላይ የገመድ ሰንበር ነበረው። ግራና ቀኝ።»

«የገመድ?» አለች እማዬ።

«ሠላሳ ዓመት መሪ ነው የጨበጠው። ገመድ የት አውቆ?»

በማግስቱ ዓርብ ነው።

እማዬ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። መርፌዎቹ ገቡ። ማሽኑ ማጉረምረም ጀመረ። ቴሌቪዥኑ ላይ ስለ ዶሮ እርባታ የሚያወራ ሰው አለ። ዘጠኝ ሰዓት አለፈ...

ማን ዓይኗን እንደከደነው አታውቅም።

ጨለማ። ባሕር ዛፍ በሁለት በኩል። ከእግሯ ሥር ቀይ አፈር፣ ልጅ ሳለች ውኃ የቀዳችበት መንገድ። እናንተዬ፣ መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነው። ከሰባት ወር በኋላ መሸላት።

ከፊቷ አንድ ሸክም ይሄዳል። ሰፊ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር። ከሥሩ ሁለት እግር ይታያል።

የሴት እግር አልነበረም። ከሸክሙ በታች የሰማያዊ ካፖርት ጫፍ ወጥቷል።

ሸክሙ ቆመ። ፊቱን አላዞረም።

«ደከመኝ ሮማን... እስቲ ይቺን ያዢልኝ።»

ሽማግሌ ናቸው። የሽማግሌ ሸክም እንዴት እምቢ ይባላል? እጇን ዘረጋች። እንጨቱ እርጥብ ነበር። ቀዝቃዛ።

ከዚያ ተኛች።

«እትዬ ሮማን! እትዬ ሮማን!»

ሁሪያ ናት። አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። እማዬ ፊቷ በርቶ ተነሳች፤ ሰውነቴ እንደ ታጠበ ልብስ ቀሎኛል አለች። ሚዛኑ ላይ ወጣች።

ስትገባ ስልሳ ነጥብ አራት ኪሎ። ስትወጣ... ስልሳ ነጥብ ስድስት።

ሰኞም ተኛች። ረቡዕም። ሁለት ሳምንት ሙሉ።

በኋላ ሁሉን ስትነግረኝ ተቆጣኋት። የጋሽ ኃይሉን ነገር እያወቅሽ ለምን? አልኳት።

«ነፂ» አለችኝ። «ሰባት ወር ያልተኛ ሰው እንቅልፍ ሲሰጡት እምቢ የሚል ይመስልሻል? እኔ እኮ ሞቱንም አልጠላሁት ነበር። ደክሞኝ ነበር።»

ያኔ ግን አንድም ነገር አልነገረችኝም። እኔ የማየው እግሯ ሲያብጥ፣ ፊቷ ሲነፋ፣ ዳገቷን ለመውጣት ሦስት ቦታ ስትቆም ነው። ሲስተር ሁሪያ ስልክ ደውላ ውኃ በድብቅ ትጠጣለች መሰለኝ አለችኝ።

ተናደድኩ። የውኃውን ጀሪካን ክፍሌ አስገብቼ ቆለፍኩበት። በእናቴ ላይ፣ እንደ ሌባ።

እማዬ አየችኝ።  ቆይታ «እስቲ ትከሻዬን እከኪልኝ» አለችኝ።

ቀሚሷን ገለጥ አደረግኩ። ግራና ቀኝ ቀይ ሰንበር አለ። አንገቷ ሥር ይጀምርና በብብቷ ይዞራል።

«የጡት መያዣሽ ጠቦሻል» አልኳት።

«ይሆናል» አለች።

የመጨረሻው ረቡዕ ላይ መንገዱ አጠረባት። ዛፎቹ ሳስተዋል። ጋሽ ኃይሉ ከፊቷ ይሄዳሉ፤ አሁን ግን ቀጥ ብለው ነው የሚሄዱት። ጀርባቸው ላይ የቀረው አንድ እንጨት ነው።

የጎበጠችው እሷ ናት። የምታየው የራሷን እግርና አፈሩን ብቻ ነው።

«አንዲት ቀረችኝ ሮማን» አሏት። «ዓርብ ትቀበይኛለሽ። እኔም አርፋለሁ።»

«እኔስ ጋሽ ኃይሉ?»

መሄድ ጀመሩ።

«እኔስ?!»

እርምጃቸው ራቀ። እየጮኸች ነቃች።

ማታ እራት አቅርቤ ስቀመጥ እጄን ያዘችኝ።

«ዓርብ ከቢሮ ፈቃድ ውሰጂ።»

«ለምን?»

«አጠገቤ ቁጭ በይ። ማሽኑ ላይ እንዳልተኛ አድርጊኝ።»

«ዶክተሩ ነው ያለው?»

«አዎ፣ እሱም ብሏል። ሌላ አትጠይቂኝ። እንዳልተኛ ብቻ!»

 እሺ አልኳት።

ዓርብ መጣ። ሲስተር ሁሪያ አስታማሚ ማስገባት ክልክል ቢሆንም አዘነችልኝ፤ የፕላስቲክ ወንበር አምጥታ እማዬ እግር ሥር አስቀመጠችኝ።

ሰባት ሰዓት። መርፌዎቹ ገቡ።

ስምንት ሰዓት። አወራን። የሰፈር ሐሜት፣ የአጎቴ ሠርግ፣ ልጅ ሆኜ የሰፋችውን ካባ በመቀስ የቆረጥኩባት ቀን። «ቄሱ እኮ ዕድሜ ልካቸውን ያንን ያነሱብኛል» ብላ ሳቀች። ስትስቅ ካየኋት ቆይቼ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት። ሳቁ አለቀ።

«እማዬ።»

«ነቅቻለሁ።»

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል። አንገቷ ወደ ጎን ዘንበል አለ። ቆንጠጥ አደረግኳት።

«እማዬ!»

«አለሁ... አለሁ። ውኃ አርከፍክፊልኝ።»

ፊቷን በእርጥብ ፎጣ ጠረግኩላት። ከንፈሯን ነከሰች። የሆነ ነገር እየታገላት እንደነበር ይታየኛል፤ ምን እንደሆነ ግን አላውቅም። ዓይኗን አፍጥጣ በሩን ታያለች። እንዲህ ብላ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየች።

አሥር ሰዓት ሲሆን ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች።

«አለፈ» አለችኝ። «አለፈ መሰለኝ ነፂ።»

እኔም ደስ አለኝ። ምኑ እንዳለፈ ሳላውቅ ደስ አለኝ። ሰውነቴ በአንድ ጊዜ ተፈታ። ለአንድ አፍታ ብዬ ጭንቅላቴን ወንበሯ ክንድ ላይ አሳረፍኩ...

እማዬ አየችኝ። ልትቀሰቅሰኝ እጇን አንስታ ነበር።

«አሳዘንሽኝ» ነው ያለችኝ በኋላ። «በእኔ ምክንያት ስንት ሌሊት አልተኛሽም። ልጄ ትንሽ ትረፍ አልኩ።»

ተወችኝ።

እኔ ሕልም አላየሁም። መንገድም ዛፍም አላየሁም። ጨለማ ብቻ ነበር። ጨለማው ውስጥ ከፊቴ የሚተነፍስ ሰው አለ።

«ነፂ... ደከመኝ። እስቲ ሁሉንም ያዢልኝ።»

የእናቴ ድምፅ ነው።

«እሺ እማዬ» አልኩ።

ስነቃ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። ሁሪያ መርፌዎቹን እየነቀለች ነው። እማዬ ቁጭ ብላለች፤ የፊቷ እብጠት ጎድሏል። ማንም ሳይደግፋት ተነስታ ሚዛኑ ላይ ወጣች።

ሃምሳ ሰባት ነጥብ ዘጠኝ ኪሎ።

ሁሪያ አጨበጨበች። «ይኸው! ዶክተሩ የፈለገው ክብደት! አየሽ ነፃነት፣ ውኃውን ስትከለክያት?»

እማዬ አለቀሰች። አቀፍኳት። ትከሻዋን ዳበስኩት፤ ጎርበጥ ያለ ነገር የለም። ሰንበሩ ጠፍቷል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ሌሊት ትተኛለች። ዶክተር ፍሮምሳ እንክብሉ ሠራላቸው ይላል። ይሁን። ስንወጣ የሆነውን ግን እሱ አላየም።

ደረጃውን እየወረድን ሳለ ነው ያነሳሁባት።

«ተኝቼ ስትጠሪኝ ሰምቼሻለሁ።»

«መቼ?»

«ቅድም ነዋ። ደከመኝ፣ ያዢልኝ ስትዪኝ። ምን ነበር ያሲያዝሽኝ?»

እማዬ መውረዷን አቆመች። የደረጃውን ብረት ጨበጠች።

«ምን አልሽኝ?»

«እሺ አልኩሽ እኮ። አልሰማሽም?»

«ነፂ...» አለች።  «እኔ አልጠራሁሽም።»

 እጄን ይዛ ታወጣኝ ጀመር፤ ልጅ ሳለሁ መንገድ እንደምታሻግረኝ አጥብቃ። ወገቤን ያዝ አደረገኝ። ወንበሩ ነው ብዬ ነበር፤ ፕላስቲክ ወንበር ላይ አራት ሰዓት መቀመጥ ቀላል አይደለም።

ውጭ ጉርድ ሾላ እንደ ሁልጊዜው ነው። ከቢሮ የወጣ ሰው፣ ታክሲ የሚጠራ ረዳት። ፀሐይዋ ከጀርባችን ዘቅዝቃለች።

እማዬ ቆመች።

«ቀና በይ።»

«ቀና ብያለሁ እኮ።»

«ቀና በይ ነፂ!»

«ምን ሆነሻል? ቀጥ ብዬ እኮ ነው የቆምኩት!»

የምታየው ፊቴን አልነበረም። ከፊታችን አስፋልቱ ላይ የተዘረጋውን ጥላችንን ነው። እኔም አየሁ።

የእሷ ጥላ ቀጭንና ቀጥ ያለ ነበር።

የእኔ ጎንብሷል። ጀርባው ላይ አግድም የተጫነው ነገር ከግራና ከቀኝ ትከሻዬ አልፎ እስከ መንገዱ ጠርዝ ይደርሳል... ጫፎቹ ላይ የቀሩት ቅጠሎች በቀስታ ይወዛወዛሉ።